ከአሜሪካ የተላከ የአጥር መከርከሚያ በደብረ ብርሃን ግቢ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢያችን በፈረንጅ ጽድ የታጠረ ሲሆን አጥሩ ከሰው ቁመት በልጧል። ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአጥር መከርከሚያ ማሽን ልኮልናል። ማሽኑ ላይ 120 ቮልት፣ 3.5 አምፔር የሚል ተጽፎበታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቴ «ዘንድሮ የቀን ሠራተኛ አልጠራም፣ ራሴ እከረክመዋለሁ» ብለዋል። እኔ ምላጩን ፈርቻለሁ። በምን ዓይነት ጥንቃቄ ይጠቀሙበት? የማራዘሚያ ገመዱስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ ማሽኑን እስካሁን ካልሰካችሁት አትስኩት። ስለ ምላጩ ከመነጋገራችን በፊት ያ የ120 ቮልት ጽሑፍ መፍትሔ ይፈልጋል። በሀገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማሽኑ በቀጥታ ከተሰካ ከተሠራበት ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይገባበታል፤ ሞተሩ እየጮኸ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ ይሸታል፣ ከዚያም ይቃጠላል። ጉዳቱ የማሽኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ከልኩ በላይ የሚመላለሰው ምላጭ በዚያች ቅጽበት ያለው በአባትዎ እጅ ነው።

ምላጩን መፍራትዎ አያስወቅስም። ሆኖም ምላጭ ዓይን የሚያየው ነገር ስለሆነ ሰው ሳይነገረውም ይጠነቀቀዋል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ሌላ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ሶኬት ሲሆን፣ ምላጩ ጋ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። ስለዚህ መልሴም ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

በገበያ በርካሽ የሚገኘው የስፒና መቀየሪያ ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀይርም። የአሜሪካው ስፒና ሁለት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ከእኛ ክብ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፤ በእናንተ ጉዳይ አለመግጠሙ ውለታ ነው። ከዚህ የሚብሰው ስፒናውን በፒንሳ ቆርጦ የተራቆተውን ሽቦ ሶኬት ውስጥ መወተፍ፣ ወይም ከሌላ ገመድ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። በየቤቱ ስለምናየው ነውርነቱ ተረስቷል፤ አደገኛነቱ ግን እንዳለ ነው።

ይኸው ማሽን ይሥራ ከተባለ 220ን ወደ 120 ወይም ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስሌቱ አያስቸግርም፤ 3.5 አምፔር በ120 ቮልት ሲባዛ 420 ዋት ይመጣል። ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከዚህ በላይ ይስባል። በትንንሽ ትራንስፎርመሮች ላይ የሚጻፈው ዋት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የአምራቹ ምኞት ነው። ስለዚህ 1,000 ዋት የሚል የተጻፈበትን ይግዙ። ማሽኑ ላይ 60 ኸርዝ የሚል ካለ አያሳስብዎ፤ ገመድ ያላቸው እንዲህ ያሉ የእጅ መሣሪያዎች ሞተራቸው የካርቦን ብሩሽ ያለው ስለሆነ 50 ኸርዝ አይጎዳቸውም። ትራንስፎርመሩ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ላይ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሣር ላይ ወጥቶ አባትዎን ሊከተላቸው አይገባም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «120 ቮልት ሰው አይገድልም» የሚል አባባል ከአሜሪካ ዕቃ ጋር አብሮ ገብቷል። አንደኛ ነገር ይገድላል። ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ትንንሽ ማውረጃዎች ለመግቢያና ለመውጫ የተለያየ ጥቅል፣ ማለትም የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ የላቸውም፤ 120ው የሚወጣው ከአንዱ ጥቅል ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ አንደኛው የመውጫ ሽቦ ከግድግዳው ሽቦ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እኛ ዘንድ ያለው ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይሰካል። ተገልብጦ በተሰካ ጊዜ ያ የጋራ ሽቦ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ይሆናል። በሁለቱ የመውጫ ሽቦዎች መካከል 120 ቮልት ቢነበብም፣ በአንደኛው ሽቦና እርጥብ ሣር ላይ በቆመ ሰው እግር መካከል ያለው ግን ሙሉው 220 ነው። መለኪያ የያዘ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህንን ወዲያው ያሳያችኋል። ለመግቢያና ለመውጫ የተለያየ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ክብደቱም ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ሻጩ ራሱ ላይለየው ስለሚችል ባለሙያ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፣ ይህን ሁሉ ከማሰናዳት 220 ቮልት የተጻፈበትን ወይም በባትሪ የሚሠራውን እገዛ ነበር። ባለባትሪው በገመድ በኩል የሚመጣውን አደጋ በአንድ ጊዜ ያስቀረዋል። ወንድምዎ ሌላ ልላክ ካሉ፣ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን አይተው ይላኩ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ተመልሰን እዚያው ነን። አንድ የደጋ ነገር ልጨምር። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ኃይል መሙላት የለበትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ዕቃ ቤት ያደረ ባትሪ ማለዳ ተነሥቶ ቻርጀር ላይ አይደረግም፤ ቤት ገብቶ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ይጠበቅ። ከዚያ ውጭ ምላጩ ያው ምላጭ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ምላጭ የምለው ለባለባትሪውም ይሠራል።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ስለ ደኅንነት ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ብሬከር አለን» ይላል። ብሬከር የግድግዳው ሽቦ ዘበኛ ነው፤ ለሰው የተቀጠረ አይደለም። የ16 አምፔር ብሬከር ማለት 16,000 ሚሊአምፔርን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ማለት ነው። የሰው አካል ግን ከ10 ሚሊአምፔር ከፍ ሲል ጡንቻው ይኮማተርና እጁ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ሲቆይ ትንፋሽንና ልብን ያውካል። በዚህ መጠን ሰው ሲጎዳ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም።

የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆጣጠረው። በፌዝ የሄደው ኤሌክትሪክ በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራል፣ ሳይጎድል መመለሱን ይለካል። የጎደለው በሰው አካል አልፎ ወደ መሬት የወረደ ሊሆን ይችላልና፣ ጉድለቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያቋርጣል። ሲገዙ 30 ሚሊአምፔር የሚል የተጻፈበት መሆኑን ይዩ፤ 100 ወይም 300 የሚለው ቤትን ከእሳት ለመጠበቅ እንጂ ለሰው አይሆንም። ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ የሌለው ቤት ውስጥ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ይሠራል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመፈተኛ ቁልፍ ከሥራ በፊት ይጫኗት፤ ካላጠፋ ተበላሽቷል ማለት ነውና በዚያ ቀን አጥር አይከረከምም። የተለያየ ጥቅል ካለው ትራንስፎርመር ወዲያ ያለውን ፍሳሽ ግን ይህ ብሬከር አያየውም፤ በዚያ በኩል የሚጠብቃችሁ የጥቅሎቹ መለያየት ራሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለማሽኑ ካወጣችሁት ይልቅ ለዚህ ብሬከር የምታወጡት ገንዘብ ለቤቱ ይጠቅማል፤ የማጠቢያ ማሽኑንና የምጣዱንም መስመር ይጠብቃልና።

ገመዱን በተመለከተ፣ ከውጭ በኩል ተጨማሪ ወፍራም ልባስ ያለው፣ የመዳብ ሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ይግዙ። እንዲህ ባለ ገመድ በ30 ሜትር ርቀት ላይ በመንገድ የሚባክነው ከ3 ቮልት አይበልጥም። ቀጭኑ የተጠማዘዘ የአምፖል ሽቦም ማሽኑን ያስነሣው ይሆናል፤ ጉዳዩ ማስነሣቱ አይደለም። በጽድ ግንድ ላይ ሲጎተት፣ ሲረገጥ፣ በር ሲዘጋበት የማይችል ልባስ ነው ያለው። ቀለሙ ብርቱካን ወይም ቢጫ ይሁን፤ ጥቁርና አረንጓዴ ገመድ ቅጠል ውስጥ ይጠፋል። በጥቅልል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም። ለዚህ ትንሽ ማሽን ያን ያህል አያሠጋም፤ ነገ ግን ያው ጥቅልል ላይ የውኃ ማሞቂያ የሚሰካ ሰው አይጠፋም።

ማሽኑ ከማራዘሚያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁለት ጣጣ አለው። ሲጎተት ይነቀላል፤ ሲነቀል መልሰው ለመሰካት ይጎነበሳሉ። እጀታው ላይ የገመድ መያዣ መንጠቆ ካለ ገመዱን በዚያ ያሳልፉት፤ ከሌለ ሁለቱን ገመዶች አንድ ጊዜ ላላ አድርገው ይቋጩና ከዚያ ይሰኩ። መገናኛው እርጥብ ሣር ላይ አይጋደም።

ገመድ መቁረጥ በዚህ ማሽን የሚደርስ ዋነኛ ስሕተት ስለሆነ ምን እንደሚሆን ይወቁት። ምላጩ ሁለቱንም ሽቦ አገናኝቶ ከቆረጠ ብልጭታ ይወጣል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሰው ይደነግጣል፣ በዚያው ያበቃል። አስቸጋሪው ምላጩ አንዱን ሽቦ ብቻ ያቆሰለው ጊዜ ነው። ምንም አይወርድም፣ ማሽኑም መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ሽቦው ግን ተራቁቶ ቅጠል ውስጥ ቀርቷል። «ነካሁት መሰለኝ» ብለው ገመዱን በእጅ አንሥተው የሚያዩ ሰዎች የሚጎዱት እንዲህ ነው። ስለዚህ ምላጩ ገመዱን የነካው ከመሰላቸው ገመዱን ሳይነኩ፣ ማሽኑን ባለበት አስቀምጠው፣ ወደ ግድግዳው ሄደው ይንቀሉ። ከዚያ በኋላ ያገላብጡት። የቆሰለው ቦታ በናስትሮ አይታሰርም፤ እዚያ ላይ ተቆርጦ ጫፉ ላይ አዲስ ስፒና ይገባለታል፤ ገመዱ ቢያጥር ይጠር።

ገመዱ እንዳይቆረጥ የሚያደርገው አካሄድ ነው። ሥራው የሚጀመረው ለሶኬቱ ከሚቀርበው የአጥር ጫፍ ሲሆን፣ እየራቁ መሄድ ነው። ያኔ ገመዱ ሁልጊዜ በኋላና በተከረከመው በኩል ይቀራል። በትከሻ ላይ ቢያሳልፉት ደግሞ ከምላጩ ፊት አይገኝም። ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ወደ ቤት የሚመጣ ሰው በየእርምጃው የገዛ ገመዱን ከፊቱ ያገኘዋል።

መብራት ሲጠፋስ? አባትዎ ማሽኑን መሬት ላይ አኑረው ሻይ ሊጠጡ ይገባሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሣል፤ የልጅ ልጅ አጠገቡ ቆሟል። ይህ እንዳይሆን ደኅና የሚባሉት ማሽኖች ሁለቱም እጅ ሁለት ማብሪያ ካልያዘ አይነሡም። አንድ ማብሪያ ብቻ ያላቸውና ሲጫን ተቆልፎ የሚቀር ቁልፍ ያላቸውም አሉ፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳይሰኩት ይዩ። ሁለት ማብሪያ ያለው ከሆነ አንዱን በገመድ ወይም በፕላስተር አስሮ በአንድ እጅ መሥራት የተለመደ «ብልሃት» ነው። እንዲህ የታሰረ ማሽን ግቢዬ ውስጥ ከሚገባ አጥሩ ቢያድግ እመርጣለሁ። ሁለት እጅ የሚጠየቀው ለማስቸገር አይደለም፤ ሁለቱም እጅ እጀታ ላይ ከሆነ ምላጩ ጋ የሚሄድ እጅ የለም። ደንቡም አጭር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስፒናው ይነቀል።

ስለ እርጥበት ለደብረ ብርሃን ሰው መንገር አያስፈልግ ይሆናል። በክረምት ሣሩም ቅጠሉም አይደርቅም፤ በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል ደግሞ ጉሙ ሲወርድ እኩለ ቀን ላይም ጽዱ ይንጠባጠባል። ዝናብ ቆሟል ማለት ደርቋል ማለት አይደለም። በበጋውም ማለዳ ጤዛና ውርጭ ስላለ ሥራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይጀመር። ማሽኑ ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ምልክት ካዩ ድርብ መከላከያ አለው፣ ግራውንድም አይፈልግም ማለት ነው፤ ውኃ አይገባውም ማለት ግን አይደለም። ለአጥሩም ቢሆን ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት መከርከም ይሻላል። ኅዳር ላይ ተከርክሞ የሚያወጣውን ለጋ ቅጠል ውርጭ ሊመታው ይችላል።

ልብስ ላይ አባትዎ ሊከራከሩ ይችላሉ። ብርዱ ብርድ ነው፤ ሆኖም ጋቢ ለብሶ፣ በርኖስ ደርቦ ወይም ፎጣ አንገት ላይ ጥሎ ይህን ማሽን መያዝ አይቻልም። ምላጩ ዘርፍ ሲያገኝ ጨርቁን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ጨርቁ ደግሞ ሰውዬውን ያስከትላል። ሹራብና በላዩ ልክ የሆነ ጃኬት ይበቃል። የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው፤ የጽድ ስብርባሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሙጫ አለበት። የማንበቢያ መነጽር አይተካውም። ጓንት ከቆዳ የሆነ፣ ጣት ላይ የማይሰፋ። ጫማ፣ ጎማ ሶል ያለው ወፍራም ጫማ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ድምፁ ጆሮ ስለሚያደነቁር መድፈኛ ቢኖር ጥሩ ነው።

አሁን አጥሩን እንየው። በእኛ ሀገር የጽድ አጥር ብዙ ጊዜ ጽድ ብቻ አይደለም። ችግኙ ሲተከል የነበረው የእሾህ ሽቦና የባሕር ዛፍ አጣና ውስጡ ቀርቷል፤ ዛፉ ሽቦውን ውጦታል። ምላጩ ሽቦ ሲያገኝ ወይ ጥርሱ ይሰበርና ይፈናጠራል፣ ወይ ማሽኑ በድንገት ወደ ኋላ ይመታል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ማሽን ሳይያዝ፣ በእንጨት ቅጠሉን እየገለጡ በሁለቱም በኩል ይዙሩት። ሽቦ ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ እዚያ በእጅ መቀስ ይሠራል። የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ምስማር፣ ልጆች የወረወሩት ቆርቆሮም ይገኛል። የተርብ ጎጆ ወይም የንብ መንጋ ካለ ከሩቅ ይታይ፤ ማሽን ይዞ ከተርብ የሚሸሽ ሰው ወዴት እንደሚያወዛውዘው አያውቅም። ዶሮዎቹም በዚያ ቀን ይዘጋባቸው። ከሁሉ በላይ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ከምሰሶ ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር በአጥሩ ላይ የሚያልፍ ከሆነና ቅርንጫፍ የሚነካው ከሆነ፣ ያንን ክፍል አትንኩት። መስመሩን የሚያቋርጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ ለእነርሱ ይነገር።

«አጥሩ ከሰው ቁመት በልጧል» ብለዋል። እኔን ከምላጩ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከባሕር ዛፍ በተመታ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁ በማሽን ተይዞ፣ ሚዛኑን በምን ይጠብቃል? መሰላል ላይ አንድ እጅ መሰላሉን መያዝ አለበት፤ ይህ ማሽን ደግሞ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ሁለቱ አይታረቁም። ስለዚህ ከትከሻ በላይ ያለው ክፍል በዚህ ማሽን አይሠራም። አባትዎ ጎኑን መሬት ላይ ቆመው እስከ ደረታቸው ድረስ ይከርክሙ፤ ያም ቢሆን ደኅና ሥራ ነው። አናቱን ለአንድ ቀን ወጣት ሠራተኛ ጠርታችሁ በእጅ መጋዝና በረጅም መቀስ ወደ ትከሻ ቁመት አስወርዱት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ራሳቸው ሊይዙት ይችላሉ። ማሽኑን ለቀን ሠራተኛው ሰጥቶ መሰላል ላይ ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም፤ እሱም የሰው ልጅ ነው።

ጽድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፈረንጅ ጽድ አረንጓዴ ቅጠል ካለበት አልፎ ወደ ደረቀው ቡናማ እንጨት ከተቆረጠ እዚያ ቦታ ላይ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። በማሽን ሲሠራ ደግሞ መግባት ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ እጅ ለዓመታት የሚታይ ቀዳዳ ይተዋል። አጥሩ ከሥሩ ሰፋ፣ ከአናቱ ጠበብ ቢል የታችኛው ቅጠል ፀሐይ ያገኛል።

አከራከሙ እንዲህ ነው። እግር በትከሻ ስፋት ተከፍቶ ይቆማል፤ ጎኑ ከታች ወደ ላይ ይሠራል፣ የተቆረጠው ወደ ታች እየወደቀ መንገድ እንዲለቅ። ምላጩ በሁለት በኩል ስለሚቆርጥ መግፋት አያስፈልግም፤ ዝግ ብሎ መጥረግ ይበቃል። ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ ሲመጣ ማሽኑን ማስገደድ የለም፣ መጋዝ አለ። ሌላ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ከሚሠሩበት አምስት እርምጃ ባነሰ ርቀት አይቁም። በመጀመሪያው ጊዜ ባዶ አየር ላይ አስነሥተው ይልቀቁትና ምላጩ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚቆም ይዩ። ፍሬን ያለው ወዲያው ይቆማል፤ ሌላው ማብሪያው ከተለቀቀም በኋላ ጥቂት ይመላለሳል። ያቺ ጥቂት ጊዜ በእጃቸው እንድትታወቅ እፈልጋለሁ።

ጣት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲከረከም ሳይሆን ምላጩ ሲታነቅ ነው። ወፍራም ቅርንጫፍ ጥርሱ መሐል ይገባል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ሰውዬው ማብሪያውን ይለቅና በጣቱ ሊያወጣው ይሄዳል። ማብሪያው ተለቀቀ እንጂ ማሽኑ አልተነቀለም፤ በሌላኛው እጅ መዳፍ እጀታውን ጠበቅ ሲያደርጉ ማብሪያው አብሮ ይጫናል። ሲታነቅ የሚደረገው ይህ ነው፤ መልቀቅ፣ ስፒናውን መንቀል፣ ወይም ባትሪውን ማውጣት፣ ከዚያ በእንጨት ወይም በካቻቢቴ ገፍቶ ማስወጣት። ጓንት አጥልቄያለሁ አይባልም፤ ምላጩ ቆዳን ከቅርንጫፍ አይለይም። ወደ ግድግዳው መመላለስ የሚሰለች ከሆነ፣ ሶኬቱ አጠገብ አንድ ልጅ አስቀምጦ «ንቀል» ከማለት፣ መገናኛው ላይ ራሳቸው ቢያለያዩት ይሻላል። ልጁ ነቀልኩ ያለው የሬዲዮውን ሊሆን ይችላል።

የጽድ ሙጫ ምላጩ ላይ ይጋገርና ማሽኑ እንዲታነቅ ያደርገዋል። ሥራው ሲያልቅ ከተነቀለ በኋላ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁ በጥርሱ አቅጣጫ ከጀርባ ወደ ጫፍ ይሂድ፣ ከእሳትም ይራቅ። ሲደርቅ ቀጭን የማሽን ዘይት ይቀባ። ማሽኑ በውኃ አይታጠብም። የምላጩ ሽፋን ጠፍቶ ከሆነ የተሰነጠቀ የውኃ ፕላስቲክ ቱቦ ይተካዋል። ሲሸከሙትም ምላጩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሽፋኑ ገብቶ፣ ስፒናው ተነቅሎ ነው።

ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ አይነካ፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ያለው ብሬከር ይውረድ። ይህ የማይቻል ከሆነ በደረቅ እንጨት ገመዱ ይራቅለት። ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት መዳፍ በፍጥነት እየተጫኑ ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። ምላጭ ከቆረጠ ደግሞ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ተጭኖ እጅ ከልብ በላይ ከፍ ይበል። ቡና አይነስነስበት፤ ቡናው ደሙን ቢያቆመው እንኳ ሐኪሙ ቁስሉን ከመስፋቱ በፊት እያጠበ ማውጣት ይኖርበታል። ጣት ከተለየ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ይግባና ፌስታሉ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ ጣቱ ራሱ ውኃ ውስጥ አይነከር። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የዛገ ሽቦ ወይም አፈር ከነካው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይ ስላለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።